«ደግ»፥ «ቸር» እና «ርኅሩኅ»፦ ለእንግሊዝኛው «ካይንድ» የተሰጡ የአማርኛ አቻዎች ታሪክና አገባብ

1. መነሻ

በምሥራቅ ጎጃም በአዋበል ወረዳ፥ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሉማሜ፥ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ልጅ ሳለ ከአንድ ለቅሶ ቤት የሰማው አነጋገር አለ። ከለቅሶኞቹ መካከል የነበሩ አንዲት አሮጊት ሟቹን ጎረቤታቸውን ሲያነሡ «ደግ ሰው ነበር፤ ቸር ግን አልነበረም» አሉ። በስፍራው ከነበረው ሰው መካከል በነገሩ የተደናገረ አልነበረም። ሟቹ ሰው የማያስቀይም፥ የተጣላ የሚያስታርቅ፥ የጎረቤቱን ከብት እንደ ራሱ ከብት የሚመልስ፥ ከጎተራው ግን በቀላሉ ቆንጥሮ የማይሰጥ ሰው እንደ ነበር ማለታቸው መሆኑን ሁሉም ተረድቶታል።

ይህ አነጋገር ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ጥያቄ ያቀርብለታል። በመማሪያ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ በሚታተሙት የቃላት ዝርዝሮችና በእጅ በሚያዙት ትንንሽ ባለ ሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት ውስጥ፥ «ደግ» በ«ቸር»፥ «ቸር»ም በ«ደግ» ሲፈታ ማየት የተለመደ ነው። ፍቹ ትክክል ከሆነ የአሮጊቷ ዐረፍተ ነገር ራሱን በራሱ የሚያፈርስ ይሆናል። አሮጊቷ ግን አልተሳሳቱም። ስለዚህ ጉድለቱ ያለው ከፍቹ ነው ማለት ነው።

ጉድለቱ በይበልጥ የሚገለጸው እንግሊዝኛውን «ካይንድ» የተባለውን ቅጽልና «ካይንድነስ» የተባለውን ስም ወደ አማርኛ ለመመለስ በሚሞከርበት ጊዜ ነው። ደግ፥ ቸር፥ ርኅሩኅ፥ በጎ፥ መልካም የተባሉት ቃላት በነጠላ ሰረዝ ተለይተው በአንድ መስመር ይሰለፉና፥ ተርጓሚው ከመካከላቸው የወደደውን እንዲያነሣ ይተዋል። ይህ ጽሑፍ የእነዚህን ቃላት ታሪክና አገባብ በመመርመር፥ እያንዳንዱ የራሱ ድንበር ያለው መሆኑን፥ ድንበሩም ሲጣስ ጉዳቱ ከወረቀት አልፎ ወደ ሥራ የሚገባ መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል።

2. የእንግሊዝኛው ቃል አመጣጥ

በእንግሊዝኛ «ካይንድ» የሚለው ድምፅ ሁለት ነገር ይሰየምበታል። አንደኛው ዓይነት ወይም ወገን ማለት ነው፤ ሁለተኛው ለሰው መልካም አሳቢነትን የሚያመለክት ቅጽል ነው። ሁለቱ በአጋጣሚ የተመሳሰሉ ቃላት አይደሉም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የቃሉ መሠረት ትውልድን፥ ተፈጥሮንና የትውልድ ሐረግን የሚያመለክት ሲሆን፥ ዘመድ ማለት ከሆነው «ኪን» ከሚለው ቃልም ጋር አንድ ሥር አለው። በመካከለኛው ዘመን ቅጽሉ «በተፈጥሮው ያለ፥ ለወገኑ የሚገባውን የሚያደርግ» ከሚለው ተነሥቶ «አሳቢ፥ ገር» ወደሚለው ፍች ተሻገረ። ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ የገቡት «ጄነረስ» (ለጋስ) እና «ጄንትል» (ገር፥ ጨዋ) የተባሉት ቃላትም በሩቁ ከዚያው መውለድን ከሚያመለክት ሥር የተገኙ ናቸው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የደግነት አነጋገር ብዙውን ጊዜ ከዘር ቤት የወጣ ነው ማለት ይቻላል።

በእኛም በኩል ዘመድና ዓይነት በአንድ ቃል የተሰየሙበት ጊዜ አለ። በግእዝ ዘፍጥረት ምዕራፍ አንድ ላይ ዕፅዋትና እንስሳት በየዓይነታቸው መፈጠራቸው የተነገረው «ዘመድ» በሚለው ቃል ነው፤ በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በዚያው ስፍራ «ወገን» ተተክቷል። ዳሩ ግን አማርኛ ከዚህ መነሻ የሄደበት መንገድ ከእንግሊዝኛው የተለየ ነው። ከ«ወገን» ረብቶ በዛሬው አማርኛ የጸናው ቃል «ወገናዊነት» ወይም «ወገንተኝነት» ሲሆን፥ ትርጉሙም አድልዎ ነው። ይህ ማለት አማርኛ ተናጋሪ ለወገኑ አይራራም ማለት አይደለም፤ «ለወገን ደራሽ ወገን ነው» የሚለው አነጋገር ምስክር ነው። ነገር ግን ደግነትን ከዝምድና ቃል አላወጣውም። የደግነትን ቃላት ያመጣው ከሌላ ስፍራ ነው።

3. የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች መንገድ

የአማርኛ ቃላት ከሌላ ቋንቋ ጋር ተጣምረው በመዝገበ ቃላት መልክ መታተም የጀመሩት፥ ሂዮብ ሉዶልፍ በአባ ጎርጎርዮስ ረዳትነት ካካበተው ዕውቀት ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1698 በፍራንክፈርት ባሳተመው የአማርኛና የላቲን መዝገበ ቃላት ነው። ከዚያ በኋላ የኢዘንበርግ የአማርኛና እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1841 በለንደን፥ የአንትዋን ዳባዲ የአማርኛና ፈረንሳይኛ እ.ኤ.አ. በ1881 በፓሪስ፥ የኢኛሲዮ ጒዲ የአማርኛና ጣሊያንኛ እ.ኤ.አ. በ1901 በሮም ታተሙ። እነዚህ በአመዛኙ ከአማርኛ ተነሥተው ወደ ውጭ ቋንቋ የሚሄዱ ነበሩ። ዓላማቸው የውጭ አገር ሰው አማርኛውን እንዲያውቅበት ስለ ሆነ፥ አንዱን የአማርኛ ቃል በሁለትና በሦስት የውጭ ቃል መክበባቸው ብዙ አይጎዳም፤ አንባቢው ያነበበውን ዐረፍተ ነገር ይዞ የሚስማማውን ይመርጣልና።

ከአገራችን ሊቃውንት በኩል፥ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሲደክሙበት ኖረው ካረፉ በኋላ በደስታ ተክለ ወልድ አማካይነት በ1948 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ፥ እንዲሁም የደስታ ተክለ ወልድ የራሳቸው ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) ቃልን ከሥሩ የማየትን ልማድ አጽንተዋል። በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ከተቋቋመ በኋላም፥ በመጀመሪያ በአካዳሚው ስም፥ ቀጥሎም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማእከል በተባለበት ዘመን የተሠራው ሥራ በ1993 ዓ.ም. አማርኛ መዝገበ ቃላት ሆኖ ወጥቷል።

ችግሩ የሚጀምረው አቅጣጫው ሲገለበጥ፥ ማለትም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲኬድ ነው። በዚህ ጊዜ የመዝገበ ቃላቱ ተጠቃሚ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ነው፤ ተርጓሚ፥ መምህር፥ ሕግ አርቃቂ ሊሆን ይችላል። ለእርሱ አምስት ተመሳሳይ ቃላት ሳይለዩ መስጠት ምርጫውን ለዕድል መተው ነው። ለመለየት የሚረዳ አንድ ቀላል መንገድ አለ፤ እርሱም የእያንዳንዱን ቃል ተቃራኒ መጠየቅ ነው። የደግ ተቃራኒ ክፉ ነው። የቸር ተቃራኒ ንፉግ ወይም ስስታም ነው። የርኅሩኅ ተቃራኒ ጨካኝ ነው። በአሮጊቷ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሟቹ ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን ንፉግ ነበር። ተቃራኒዎቹ ካልተደራረቡ ቃላቱም አይደራረቡም።

4. «ቸር»

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ግእዙ «ኄር» ሲተረጐም የሚቀርበው አማርኛ «ቸር» ነው። ከዐረብኛው «ኸይር» ጋር የሚዛመደው «ኄር» ግን መጀመሪያ ሰጪን አያመለክትም፤ በጎን፥ መልካምን፥ ምርጥን ያመለክታል። የዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ «ገብር ኄር» ይባላል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በተነገረው ምሳሌ ይህ አገልጋይ ለማንም የሰጠው ነገር የለም፤ የተቀበለውን መክሊት በታማኝነት ነግዶ አተረፈበት እንጂ። በ1954ቱ የአማርኛ ትርጉምም ቃሉ «በጎ» ተብሏል።

ይህ ጥንታዊ ፍች በአማርኛ ጨርሶ አልጠፋም። «ቸር ወሬ ያሰማን»፥ «ቸር ይግጠመን»፥ «በቸር ያገናኘን» ስንል የምንመኘው ለጋስ ወሬን ወይም ለጋስ ግንኙነትን አይደለም፤ ደኅናውንና በጎውን ነው። ከሉማሜ እስከ ብቸናና ሞጣ ባለው አገር ሁለት መንገደኞች ሲለያዩ የሚለዋወጡት ይህ ምርቃት፥ የቃሉን የቀድሞ መልክ እንደ ቅሪት ይዞ የቆየ ነው።

ከምርቃቱ ውጭ ግን «ቸር» ወደ መስጠት ጠብቧል። «ቸረ» የሚለው ግሥ ያለ ዋጋ ሰጠ ማለት ነው፤ «ተቸረ» የሚባለውም ተቀባዩ ነው። ሰጪው ካለው የሚሰጥ፥ ተቀባዩም የሌለው ስለ ሆነ ቃሉ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ቸርነት ከሁሉ አስቀድሞ ለእግዚአብሔር፥ ቀጥሎ ለንጉሥና ለጌታ ሲነገር የኖረው ለዚህ ነው። በ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ በገላትያ መልእክት ምዕራፍ 5 «ቸርነት»ና «በጎነት» ተለይተው ጎን ለጎን መቆማቸው፥ ተርጓሚዎቹ ሁለቱን አንድ እንዳላደረጓቸው ያመለክታል። በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 13 ስለ ፍቅር በተነገረው ስፍራ ደግሞ፥ በግሪኩ ግሥ ሆኖ የቆመውን ቃል «ቸርነት»ን ከ«አደረገ» ጋር በማጣመር መልሰውታል። እንግሊዝኛዎቹ በዚያው ስፍራ ብዙውን ጊዜ «ካይንድ» የሚለውን ቅጽል ያገባሉ። እንግዲህ «ካይንድ»ን «ቸር» ብሎ የመመለስ ልማድ በአንባቢው ጆሮ እንዲጸና ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ንባብ እንደ ሆነ መገመት ይቻላል።

5. «ደግ»

«ደግ» ከሰው ይሰፋል። «ደግ ነው» ሲባል «ይሁን፥ ተስማምቻለሁ» ማለት ሊሆን ይችላል። «ደግ አደረግህ» የሚለው ምስጋና ነው፤ ድምፁ ሲለወጥ ግን ነቀፋ ይሆናል። «ደግ ሆነ!» ሲባልም «የሥራውን አገኘ» ማለት ነው፤ በዚህ ውስጥ ርኅራኄ ቀርቶ ሐዘንም የለም፤ ያለው ፍርድ ነው። ስለዚህ የቃሉ እምብርት «የሚገባው፥ ልክ የሆነው» ነው ብንል አንስትም። ሰውን ደግ የሚያሰኘውም የሰጠው ነገር ብዛት ሳይሆን፥ ለሰው የሚገባውን የማድረግ ጠባዩ ነው።

ቃሉ ለዘመንም ይነገራል። «ክፉ ደጉን ያየ» የሚባለው ብዙ የኖረ ሰው ነው። የከብት ዕልቂትና ድርቅ ተደራርበው አገሪቱን ባጠፉበት፥ እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 በነበረው ጊዜ የደረሰው ረኃብ በሕዝብ ዘንድ ስሙ «ክፉ ቀን» ነው። ከእርሱ በፊት የነበረውም ሆነ በኋላ የመጣው የጥጋብ ጊዜ «ደግ ዘመን» ይባላል። በዚህ አገባብ ደግና ክፉ የሰው ጠባይ ብቻ ሳይሆኑ፥ ሰው የሚኖርበት ሁኔታ መለኪያዎችም ናቸው።

ከቸር ጋር ያለው ልዩነት በዚህ ይገለጻል፦ ደግነት ሀብት አይጠይቅም። በብቸና አካባቢ እንዳለው እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ወዳሉ የታወቁ የትምህርት ስፍራዎች የሚሄደው የቆሎ ተማሪ በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፥ ከሌማቷ ቁራሽ እንጀራ አንሥታ የምትሰጠው ድኻ ሴት ደግ ትባላለች። ቸር ለመባል የጎተራው ባለቤት መሆን ያሻል። ደግነት በእኩዮች መካከልም ይኖራል፤ ድኻም ለሀብታም፥ ልጅም ለአዋቂ ደግ ሊሆን ይችላል።

6. «ርኅሩኅ» እና «አዛኝ»

«ርኅራኄ» ከግእዝ የመጣ ስም ነው፤ የግእዙ ግሥ «ርኅርኀ» ለሰለሰ፥ ለዘበ ማለት ነው። በአማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹ ጠፍተው «ራራ» የሚለውን ግሥ እናገኛለን። ሕዝቡ «አንጀቱ ራራ»፥ «ሆዱ ራራ» ማለቱ፥ የልስላሴው ፍች በአካል ውስጥ ቦታ ይዞ መቀመጡን ያሳያል። ከደግ የሚለየው ይህ ቃል ምክንያት የሚሻ መሆኑ ነው። የሚራራ ሰው የሚራራለትን ሥቃይ ያያል ወይም ይሰማል። በደኅናው ቀን ከደኅና ሰው ጋር ሲጫወት የዋለ ጎረቤት ደግ ሊባል ይችላል፤ ርኅሩኅ ግን አይባልም።

«አዛኝ» የዚሁ ጎረቤት ነው። «አዘነ» ሲል ለራሱ፥ «አዘነለት» ሲል ለሌላው ነው፤ የሌላው ሐዘን በራስ ላይ ሲደርስ የሚሰማ ነው። ቋንቋው ግን ሐሰተኛውንም አይስተውም፤ «አዛኝ ቅቤ አንጓች» ብሎ ለይቶ አስቀምጦታል።

7. «ውለታ»

እንግሊዝኛው «ካይንድነስ» ጠባይን ብቻ ሳይሆን፥ የሚቆጠር አንድ ሥራንም ይሰይማል። በዚህ ጊዜ ከላይ ካየናቸው ቃላት አንዱም አይስማማውም። «አንድ ደግነት አደረገልኝ» የሚል አማርኛ በትርጉም ሥራ ውስጥ ይታያል እንጂ በሉማሜ ገበያ አይሰማም። ለዚህ ቋንቋው ያዘጋጀው ቃል «ውለታ» ነው። ውለታ ይዋላል፤ ውለታ ይቆጠራል፤ ውለታ ይመለሳል። የዋለው «ባለውለታ» ይባላል፤ የረሳው ደግሞ «ውለታ ቢስ» ነው።

በዚህ ቃል ውስጥ ዕዳ አለ። ሰው ዕዳውን መክፈል ሲሳነው ወደ ፈጣሪ ያስተላልፈዋል፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት «እኔ ልመልሰው የማልችለውን እርሱ ይመልስልኝ» ማለት ነው። የሚሰጠው ያጣ ሰው ለማኙን «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ማሰናበቱም ከዚሁ አስተሳሰብ የተገኘ ነው። እንግዲህ «ካይንድነስ»ን በ«ውለታ» የሚመልስ ተርጓሚ፥ እንግሊዝኛው የማያነሣውን የመመለስ ግዴታ ጨምሮ እንደሚያስገባ ማወቅ አለበት፤ በ«ደግነት» የሚመልሰው ደግሞ ሥራውን ወደ ጠባይ ይለውጠዋል።

8. ስያሜው ወደ ሥራ ሲገባ

ልዩነቱ የቃላት አጥኚዎች ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ሁለት አብነቶች ያሳያሉ።

የመጀመሪያው ከሕግ ነው። ከ«በጎ» የተገኘው «በጎ አድራጎት» ለብዙ ዘመን ምጽዋትንና ርዳታን ሲሰይም ቆይቶ፥ በ2001 ዓ.ም. በወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 የሕግ ስያሜ ሆኖ በርእስ ላይ ተቀመጠ። አዋጁ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ምንጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይሠማሩ ይከለክል ነበር። በውጤቱም «በጎ አድራጎት» በአንድ ወገን፥ «መብት» በሌላ ወገን ቆሙ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የቀድሞው ሕግ ሲሻር የርእሱ ስያሜ «የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች» ሆነ። ስያሜው ብቻውን ሕጉን አልሠራውም፤ ነገር ግን ዜጋ የሚገባውን ነገር በጎ ሰው የሚያደርግለት ነገር አድርጎ መሰየም ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከዚህ እንማራለን።

ሁለተኛው ከጤና አገልግሎት ነው። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፥ የጤና ባለሙያው ርኅሩኅ፥ አክባሪና ተንከባካቢ እንዲሆን የሚጠይቅ መርሕ ተይዞ ነበር። ምርጫው አስተዋይ ነው፤ ሕመምተኛ ሥቃይ ያለበት ሰው ነውና «ርኅሩኅ» በስፍራው ገብቷል፤ ከጎኑም «አክባሪ» መቆሙ ርኅራኄው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ችሮታ እንዳይመስል አድርጎታል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ከዚያ በፊት እንዲያርመው የተሰጠው አንድ የሥልጠና ጽሑፍ ነበር። በጽሑፉ ውስጥ ለሕመምተኛ «ካይንድ» መሆን ይገባል የሚለው ምክር «ለሕመምተኛው ቸር ሁን» ተብሎ ተመልሷል። ረቂቁን ያነበበ አንድ የገጠር ጤና ሠራተኛ «ከየትኛው ደመወዜ ልቸረው?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ቀልድ አልነበረም። ቃሉ ያዘዘው እጁን እንዲዘረጋ ነበር፤ ምክሩ የፈለገው ግን አንደበቱንና ፊቱን ነበር። ይባስ ብሎ፥ ሕመምተኛው በመብቱ የሚያገኘው መልካም አቀባበል ከሠራተኛው ኪስ የሚወጣ ስጦታ መስሎ ቀረበ። በመጨረሻ በስፍራው የገባው «ደግ አቀባበል አድርግለት» የሚለው ነው።

9. ማጠቃለያ

ከላይ በተነገረው መሠረት፥ ወደፊት በሚዘጋጁ የእንግሊዝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ «ካይንድ» እና «ካይንድነስ» እንደሚከተለው ተከፋፍለው ቢቀመጡ ይመረጣል።

ሀ) ዓይነትን ሲሰይም፦ ዓይነት፥ ወገን።
ለ) የሰውን ጠባይ ሲገልጽ፦ ደግ፤ ስሙ ደግነት። ተቃራኒው ክፉ።
ሐ) የሌላውን ሥቃይ ዐይቶ መራራትን ሲገልጽ፦ ርኅሩኅ፤ ስሙ ርኅራኄ። ተቃራኒው ጨካኝ።
መ) ካለው ላይ መስጠትን ሲገልጽ ብቻ፦ ቸር፤ ስሙ ቸርነት። ተቃራኒው ንፉግ። በምርቃት ውስጥ ያለው «ቸር» ራሱን ችሎ «ደኅና፥ በጎ» ተብሎ ይፈታ።
ሠ) አንድን የተደረገ ሥራ ሲሰይም፦ ውለታ፤ መመለስ የማይጠበቅበት ከሆነ ደግ ሥራ ወይም በጎ ሥራ።

ለእያንዳንዱም ከሕዝብ አፍ የተወሰደ አንድ ዐረፍተ ነገር ሊከተለው ይገባል፤ የቃላትን ድንበር ከፍች ይልቅ ዐረፍተ ነገር ያስከብረዋልና። ለፊደል ለ እና ለፊደል መ በአንድነት የሚሆን ዐረፍተ ነገር የሉማሜዋ አሮጊት ሰጥተውናል፦ «ደግ ሰው ነበር፤ ቸር ግን አልነበረም።» ይህን ዐረፍተ ነገር ያለ ግጭት ሊፈታ የሚችል መዝገበ ቃላት፥ ለተርጓሚውም፥ ለሕግ አርቃቂውም፥ ለጤና ሠራተኛውም ይበቃል።